ላኬሩ ደሴ ላይ ለምን ይነጣል? ኮምቦልቻ ላይስ ለምን ይሻክራል?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን መኪና ተንከባክቦ መያዝ የግድ ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ሁሉ ተወደደ። እናም የተፋቀ ስፖኪዮ፣ የተጫረ ፓራውርት ወይም ቀለሙ የለቀቀ ቸርኬ ያለው ሰው አዲስ ከመግዛት ይልቅ ስፕሬይ ገዝቶ ራሱ ግቢ ውስጥ መቀባት ያምረዋል። ያስኬዳል። በትክክል ከተሠራ ዓመታት የሚቆይ ሥራ ይወጣዋል።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው። ቀለሙ ደህና ይይዛል። ከላይ የሚረጨው ላኬር ግን እንደታሰበው አያበራም። አንዱ ነጭ ጭጋግ ይለብስበታል። ሌላው በእጅ ሲዳሰስ ይሻክራል። ሦስተኛው ቁልቁል ፈስሶ ይደርቃል። ያኔ ሰው ጣሳውን ይወቅሳል፤ “ፎርጅድ ሸጡልኝ” ይላል። ፎርጅድ አይጠፋም። ይሁን እንጂ በእኛ አካባቢ ዋናው ጥፋተኛ አየሩ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚሄድ ሰው ጃኬቱን የሚያወልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ላኬርም ይህን ልዩነት ይለየዋል፣ ያውም ከሰው ይበልጥ። አንድ ዓይነት ጣሳ፣ አንድ ዓይነት እጅ፣ ሁለት የተለያየ ውጤት።

ላኬር ምንድን ነው? ቀለም አይደለም እንዴ?

የመኪና ቀለም በንብርብር ነው የሚሠራው። ከሥር ፕራይመር አለ። ፕራይመር ቀለሙን ከላሜራው ወይም ከፕላስቲኩ ጋር የሚያያይዘው ነው። በላዩ ቀለሙ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ላኬር አለ። ላኬር ራሱ ቀለም የለውም፤ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ሥራው ማብራትና የሥሩን ቀለም ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከጭረት መጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። ከላኬር ሥር የሚገባው ቀለም ሲደርቅ አያበራም፤ ድብዝዝ ይላል። እንዲህ ሲያይ “አልያዘልኝም” ብሎ ሌላ ሁለት ጣሳ የሚደራርብ አለ። አያስፈልግም። ቀለሙ የሥሩን ፕራይመር እኩል ከሸፈነ በቂ ነው። ማብራቱ የላኬሩ ድርሻ ነው።

ሁሉም መኪና ደግሞ ላኬር የለውም። በቶዮታ 040 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ነጭ ቀለም ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው ያለ ላኬር፣ በአንድ ወጥ ቀለም የሚወጣ ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ማወልወያ አድርጋችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሹት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ላኬር የለም ማለት ነው። ካልያዘ አለ። የቀለሙን ቁጥር በቶዮታ ላይ የምታገኙት የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ወይም ኮፈኖው ሥር ባለችው የብረት ሳህን ላይ ነው። ቁጥሩን ሳይይዙ “ብርማ ስጠኝ” ብሎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ብርማ ብዙ ዓይነት ነው።

በጣሳው ውስጥ ያለው ደግሞ በመሠረቱ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ሙጫው ነው፤ ደርቆ የሚቀረው እሱ ነው። ሁለተኛው ሙጫውን አቅጥኖ የያዘው ማሟሚያ ነው፤ ከቲነር ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሦስተኛው ሁሉንም ገፍቶ የሚያስወጣው ጋዝ ነው። ላኬሩ ሲረጭ ማሟሚያው ይተናል፣ ሙጫው ይቀራል። ከዚህ በኋላ የምናየው ችግር በአብዛኛው ከአንድ ጥያቄ ይመነጫል፦ ማሟሚያው በምን ያህል ፍጥነት ተነነ? በጣም ከቸኮለ ጠብታዎቹ እርስ በርስ ሳይዋሐዱ ይደርቃሉ፤ ይሻክራል። በጣም ከዘገየ ይፈስሳል፣ ትንኝና አቧራ ይሰበስባል። ሲተን ደግሞ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ደሴን የሚመለከተው ይህ የመጨረሻው ነው።

ታዲያ ደሴ ላይ ለምን ይነጣል?

መርፌ ከመወጋታችን በፊት ነርሷ ክንዳችንን በአልኮል ስትጠርገው ይቀዘቅዘናል። አልኮሉ ፍሪጅ ውስጥ አልነበረም። እየተነነ ሲሄድ ከቆዳችን ላይ ሙቀት ይወስዳል፣ ለዚህ ነው የሚቀዘቅዘን። የተረጨ ላኬርም ላሜራውን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ገና እርጥብ ሳለ የሚቀባውን የመኪና ክፍል ገጽ በጥቂት ዲግሪ ያቀዘቅዘዋል።

አሁን አየሩን እንይ። አየር ውስጥ ሁልጊዜ የማይታይ ውሃ አለ። አየር በቀዘቀዘ ቁጥር ውሃ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ የተረፈውን ውሃ ባገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ያራግፈዋል። ጠዋት የመኪና መስታወት ላይ የምናየው ጤዛ ይኸው ነው። ጤዛ መውረድ የሚጀምርበት የሙቀት መጠን የጤዛ ነጥብ ይባላል። ይህን አንድ ቃል ያዙት። ለላኬር ከጣሳው ዋጋም፣ ከማርካውም የበለጠ ይጠቅማችኋል።

በቁጥር ልሞክረው። ክረምት ላይ፣ የጦሳን ተራራ ጉም በሸፈነበት ቀን፣ አየሩ 15 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 90 በመቶ ቢሆን የጤዛ ነጥቡ 13.4 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በአየሩና በጤዛው መካከል ያለው ልዩነት 1.6 ዲግሪ ብቻ ነው። ላኬሩ ሲተን ላሜራውን በሁለት ዲግሪ ካቀዘቀዘው፣ እርጥቡ ላኬር ላይ ጤዛ ይወርዳል ማለት ነው። ውሃው በጣም ረቂቅ ስለሆነ ሲወርድ አይታይም። የሚታየው ከደቂቃዎች በኋላ፣ ገጹ ሲነጣ ነው። ያ ነጭ ነገር ላኬሩ ውስጥ የታሰረው ውሃና ውሃው የፈጠራቸው ጥቃቅን ክፍተቶች ናቸው።

ያው ላኬር ኮምቦልቻ ላይ፣ በበጋ እኩለ ቀን፣ አየሩ 25 ዲግሪና እርጥበቱ 50 በመቶ በሆነበት ሰዓት ቢረጭስ? የጤዛ ነጥቡ 13.9 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልብ በሉ፤ በሁለቱም ቦታ አየሩ ውስጥ ያለው የውሃ መጠን ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ኮምቦልቻ ላይ ከጤዛው በፊት 11 ዲግሪ መኖሩ ነው። ላኬሩ የፈለገውን ያህል ቢያቀዘቅዝ እዚያ አይደርስም።

የቀለም ባለሙያዎች የሚሠሩበት ደንብ የሚቀባው ገጽ ከጤዛ ነጥቡ ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት የሚል ነው። ለጣሳ ላኬር እኔ 5 እና ከዚያ በላይ ብትይዙ ይሻላል እላለሁ፣ ምክንያቱም ጣሳ ብዙ ማሟሚያ ስላለው የበለጠ ያቀዘቅዛል። ቁጥሩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አብዛኛው የስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ “ዲው ፖይንት” በሚል ስም ያሳያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስልኩ የሚነግራችሁ የአየሩን ሙቀት ነው፤ የላሜራውን አይደለም። የደሴ ሌሊት ብርድ ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ ያደረ ኮፈኖ ፀሐይ ከወጣች በኋላም ለረጅም ጊዜ ከአየሩ በታች ቀዝቅዞ ይቆያል። ስለዚህ መዳፋችሁን አስቀምጡበት። ቀዝቀዝ ካለ ገና ነው።

ስለዚህ መቼ ልርጭ?

ደሴ ላይ ጥሩው ጊዜ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት ናቸው፤ ሰዓቱ ደግሞ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት። ከዚያ በፊት ላሜራው አልሞቀም። ከዚያ በኋላ ብትጀምሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ላኬሩ ከመጠንከሩ በፊት ማታው ይመጣል። በ10 ሰዓት የተረጨ ነገር ሲነካ የደረቀ ይመስላል፤ ግን ውጭ ካደረ የምሽቱ ጤዛ ያገኘዋል። ማታ ጥሩ የነበረው ጠዋት ደብዝዞ የሚገኘው በዚህ ነው። ከተረጨ በኋላ ወደ ቤት አስገቡት።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደሴ ውስጥ ባትረጩ ይመረጣል። በበልግ ዝናብ፣ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ቀኑን መርጦ መሥራት ይቻላል። በክረምት የግድ ከሆነና ክፍሉ ትንሽ ከሆነ ሌላ አማራጭ አለ። ማዘጋጀቱን ደሴ ጨርሳችሁ፣ ስፖኪዮውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ወርዳችሁ እርጩት። 650 ሜትር መውረድ በግምት 4 ዲግሪ ሙቀት ይጨምራል። ለላኬር 4 ዲግሪ ብዙ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱ፣ ነፋሱና አቧራው ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ላሜራ እጅ ያቃጥላል። እሱ ላይ የተረጨ ላኬር ገና አየር ላይ ሳለ ግማሹን ማሟሚያ ያጣል፣ ሲያርፍ ደግሞ ሳይዘረጋ ይደርቃል። እጅ ሲዳስሰው የሚሻክረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ማለዳ፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጥላ ሥር፣ ነፋስ ሳይነሳ። ከመርጨታችሁ በፊት መሬቱን ውሃ አርከፍክፉበት፤ አቧራውን ይይዘዋል። ይህን ግን ደሴ ላይ እንዳትሞክሩት። እዚያ ያለው እርጥበት ይበቃል።

የምረጭበትን ቤት በከሰል ባሞቀውስ?

አይሆንም። ይህን ጠንከር አድርጌ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ብርድ አገር ሲሆን መጀመሪያ የሚታሰበው ይህ ነው።

ላኬሩን ከጣሳው የሚገፋው ጋዝ በአብዛኛው ከማብሰያ ጋዝ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ማሟሚያውም ተቀጣጣይ ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ተንጣልሎ ይቆያል፤ ከሰሉም የሚቀመጠው ወለል ላይ ነው። የተዘጋ ቤት ውስጥ አንድ ፍም በቂ ነው። ሽቦው የጋለ የኤሌክትሪክ ምድጃም፣ ቡታጋዝም፣ ሲጋራም ያው ናቸው። ትነቱ ሳይቀጣጠል እንኳ ከሰሉ በተዘጋ ቤት የሚያወጣው ጭስ አልባ መርዝ ሰው ይገድላል።

ማሞቅ ካስፈለገ ፀሐይን ተጠቀሙ። የሚቀባውን ክፍል ለአንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፣ ለብ ሲል ወደ ጥላ አምጡትና እርጩ። ጣሳውን ደግሞ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቁሙት። ጣሳ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጠብታው ይተልቃል፣ ገጹ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ለብ ያለ ማለት እጃችሁን ከትታችሁ ልትቆዩበት የምትችሉት ውሃ ነው። ጣሳው ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ የለበትም፤ ሊፈነዳ ይችላል። የፈላ ውሃ አይታሰብም።

ከላኬሩ በፊት ያለው ሥራ ምን ያህል ይወስናል?

ላኬር አይሸፍንም። ያጎላል እንጂ። ከሥር ያለ አንድ ጭረት ላኬር ሲለብስ ይበልጥ ይታያል። ስለዚህ ከሥራው አብዛኛው ጊዜ መዋል ያለበት ከመርጨት በፊት ነው። ቀለም ቤት ብትጠይቁም ይህንኑ ይነግሯችኋል።

መጀመሪያ መታጠብ። በፈሳሽ ሳሙናና በብዙ ውሃ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ። ከማሸት በፊት መታጠብ ያለበት በምክንያት ነው፦ ቅባት ያለበትን ክፍል በብርጭቆ ወረቀት ካሻችሁት ቅባቱን ወደ ውስጥ ታስገቡታላችሁ።

የተሰነጠቀ ወይም የጎደጎደ ቦታ በስቱኮ ይሞላል። ስቱኮው ሲደርቅ በቁጥር 180 ጀምሮ በ240 ይስተካከላል። ፕራይመር ይረጫል። ፕራይመሩ ከደረቀ በኋላ በውሃ እየተነከረ በቁጥር 600 ወይም 800 ይታሻል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ወረቀቱ ይልማል። ቁጥር 240 ካሻችሁ በኋላ ቀጥታ ወደ ቀለም መሄድ ጭረቱን ለዘላለም ማስቀመጥ ነው። ጠርዝ ላይ ስትደርሱ እጃችሁን ቀለል አድርጉ፤ ቶሎ የሚገለጠው ጠርዝ ነው።

ፕላስቲክ ለብቻው ነው። የብዙ መኪና ፓራውርት የሚሠራበት የፕላስቲክ ዓይነት ቀለም የመያዝ ፍላጎት የለውም። ወደ ጥሬው ፕላስቲክ ድረስ ከተፋቀ ለፕላስቲክ የተሠራ ፕራይመር የግድ ነው። አለበለዚያ ቀለሙ ከወር በኋላ በቁራጭ በቁራጭ ይላጣል። ፕላስቲኩ ላይ የድሮው ቀለም እንዳለ ከሆነና እሱን አለስልሳችሁ ብቻ ከሆነ የምትቀቡት ግን ይህ አያስጨንቃችሁም።

ከሁሉም ነገር ደግሞ ክፉው ጠላት ሲሊኮን ነው። ጎማና ዳሽቦርድ የሚያብረቀርቁ ቅባቶች ውስጥ አለ። የፀጉር ቅባቶችም ውስጥ ይገኛል። አንዲት የማትታይ ጠብታ ላኬሩን ገፍታ ክብ ጉድጓድ ትፈጥራለች። የሥሩን ቀለም የሚገልጡ ትንንሽ ክቦች ካያችሁ ይህ ነው። መፍትሔው ጓንት ማድረግ፣ ያንኑ ቀን ጎማ አለማብራትና ከመርጨት በፊት ገጹን በአልኮል ወይም ለዚህ በተሠራ ማጽጃ መጥረግ ነው። ሁለት ጨርቅ ያዙ። በአንዱ እርጥብ ማጽጃውን ትቀባላችሁ፣ በሌላው ደረቅ ጨርቅ ማጽጃው ሳይደርቅ ታነሱታላችሁ። በአንድ ጨርቅ ብቻ ከሠራችሁ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ይሆናል። ብርማና ሌሎች ብልጭልጭ ያለባቸው ቀለሞች ላይ ቲነር አታስነኩ፤ ቀለሙን ያነሳዋል። እነሱን ከቀባችሁ በኋላም በብርጭቆ ወረቀት አትንኳቸው። ብልጭልጩ ይጫራል፣ ጭረቱም ከላኬሩ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ራሱ መርጨቱስ እንዴት ነው?

ጣሳው ውስጥ ያለችው ኳስ መንቀጭቀጭ ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ነቅንቁ። ሁለት ደቂቃ ረጅም ነው፤ በሰዓት ያዙት። ከዚያ በካርቶን ላይ ሞክሩት።

ርቀቱ አንድ ስንዝር ነው፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር። ከቀረበ ይፈስሳል። ከራቀ ይሻክራል። እጃችሁ ከክፍሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ይሂድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአንጓው ሲያዞረው ነው። ያኔ መሐሉ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ ስስ ይሆናል። መርጨት የምትጀምሩት ከክፍሉ ውጭ ነው፤ የምታቆሙትም አልፋችሁ ነው። ክፍሉ ላይ ሳላችሁ ከጀመራችሁ የመጀመሪያዋ ትፍታ ጠብታ ሆና ትቀራለች። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይሸፍን።

የመጀመሪያው ዙር ስስ ይሁን። የሚያብረቀርቅ ነገር አትጠብቁ። ሥራው ለሚቀጥለው መያዣ መሆን ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ደሴ ላይ ጨመር አድርጉ። ሁለተኛው ዙር እርጥብ መሆን አለበት። ትዕግሥትም ድፍረትም የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ፈርቶ ስስ ስስ የሚረጭ ሰው ሻካራ ገጽ ያገኛል፤ ጠብታዎቹ ለመዋሐድ በቂ እርጥበት የላቸውምና። ጎንበስ ብላችሁ ብርሃኑን በአግድም እዩ። ገጹ ሙሉ በሙሉ እርጥብ ሆኖ ሲያንጸባርቅ እጃችሁን ወደሚቀጥለው አሳልፉ። አትመለሱ። ሦስተኛ ዙር በተመሳሳይ ሁኔታ ጨምሩ።

ትንኝ ካረፈ ተዉት። እርጥብ ላኬር ላይ በጣት የተነሳ ትንኝ ከትንኙ የባሰ ጠባሳ ይተዋል። ሲደርቅ በላመ ብርጭቆ ወረቀት ይነሳል።

ሲጨርሱ ጣሳውን ገልብጦ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ መጫን አፍንጫው እንዳይዘጋ ያደርጋል።

ምን ያህል ልጠብቅ?

በ20 ዲግሪ ተራ የጣሳ ላኬር በግማሽ ሰዓት ገደማ አቧራ አይይዝም። በማግሥቱ በጥንቃቄ ሊገጠም ይችላል። ለማወልወል ግን ጥቂት ቀናት ያስፈልጉታል። ደሴ ብርድ ላይ ይህን ሁሉ እጥፍ አድርጉት።

ጣሳው ጀርባ ላይ “ከአንድ ሰዓት በፊት ወይም ከ24 ሰዓት በኋላ ደግመህ እርጭ” ዓይነት ነገር ከተጻፈ አክብሩት። በመሐል ባለው ጊዜ ላኬሩ ላዩ ደርቆ ሥሩ ለስላሳ ነው። አዲስ ማሟሚያ ሲያገኘው ይሸበሸባል። የተሸበሸበ ላኬር መድኃኒት የለውም፤ ፍቆ እንደገና መጀመር ነው። የበርና የመስኮት ብረት ለመቀባት የተሠራ ስፕሬይ ሥር ሆኖ በላዩ የመኪና ላኬር ሲረጭም ይኸው ይደርሳል። ከተለያየ ዓይነት ከቀላቀላችሁ በማይታይ ቦታ ሞክሩ።

ማጠንከሪያ ያለው ላኬር ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

ጥንካሬው እውነት ነው። ተራው የጣሳ ላኬር የሚደርቀው በመትነን ብቻ ነው። ማሟሚያ ሲነካው እንደገና ይለሰልሳል። ቤንዚን ሲንጠባጠብበት ይቀልጣል። ሁለተኛው ዓይነት ሃርድነር የሚጨመርበት ነው። ላኬሩና ሃርድነሩ ሲገናኙ በኬሚካል ተያይዘው ይጠነክራሉ፤ ከዚያ በኋላ ቤንዚን አያስፈራውም። ጋራዦች በኮምፕሬሰር የሚረጩት ይህንን ነው። በጣሳም ይመጣል። ከሥሩ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ሃርድነሩ ውስጥ ለውስጥ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ጣሳው የሚያገለግለው ለአንድ ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ውስጡ ይጠነክራል።

ሃርድነሩ ውስጥ ግን አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ሲረጭ ከሚወጣው ብናኝ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። በቀለም ሥራ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ዋናው የአስም መንስኤ ከሚባሉት አንዱ ነው። አስቸጋሪው ነገር ሰውነት አንዴ ከተቆጣ በኋላ በጣም ትንሽ መጠን እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ያም ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። ሽታው አያስጠነቅቅም። ሽታ ሳይሰማችሁ ጎጂ መጠን ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የኮቪድ ማስክ፣ ሻርፕ፣ ነጠላ፣ አንዳቸውም አያግዱትም። ባለሙያ የሚጠቀመው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያስገባ ጭምብል ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ልጆች ባሉበት፣ ጎረቤት በአጥር ብቻ በተለየበት ግቢ ሃርድነር ያለው ላኬር አትርጩ። ክፍሉን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ፣ አሽታችሁ፣ ፕራይመርና ቀለም ቀብታችሁ ላኬሩን ብቻ ለቀለም ባለሙያ ስጡ። ወጪውም ከሙሉ ሥራ ያነሰ ይሆናል። ለባለሙያውም ይህን ጥያቄ አቅርቡለት፦ አንተስ ምን ታደርጋለህ አፍህ ላይ? ብዙዎቹ ወጣቶች ፊታቸውን በጨርቅ አስረው ቀኑን ሙሉ ይረጫሉ። ማንም ስላልነገራቸው ነው።

ተራው ላኬርም ቢሆን ውጭ ወይም በር መስኮቱ በተከፈተ ቦታ፣ የኬሚካል ማጣሪያ ባለው ጭምብል፣ በመነጽርና በጓንት ነው። የአቧራ ማስክ ትነት አያጣራም።

ከተበላሸብኝስ?

የነጣ ላኬር ብዙ ጊዜ ይድናል። በዚያው ቀን አታሯሩጡት። ሞቅ ያለና ደረቅ ቀን ጠብቃችሁ፣ ክፍሉን በፀሐይ ለብ አድርጋችሁ፣ ስስ ዙር ላኬር እርጩበት። አዲሱ ማሟሚያ የድሮውን ያለሰልሰዋል፣ የታሰረው ውሃ መውጫ ያገኛል፣ ጭጋጉም ይገፈፋል። ይህ የሚሠራው ተራው ላኬር ላይ ብቻ ነው። ሃርድነር ያለው አንዴ ከያዘ አይለሰልስም።

የፈሰሰ ላኬር ላይ እርጥብ ሳለ ምንም አታድርጉ። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን ትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ፣ በውሃና በሳሙና፣ በቁጥር 1500 እብጠቱን ብቻ አውርዱ። በእጅ ብቻ ከያዛችሁት ዙሪያውን ትጎደጉዱታላችሁ። ጎርበጥ ጎርበጥ ያለውና የሻከረውም በ1500 ይጀመራል፣ በ2000፣ ከዚያ በ3000 ይለሰልሳል። ገጹ በዚህ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይደበዝዛል። አትደንግጡ። ማወልወያ ፓስታ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ሲገባበት ማብራቱ ይመለሳል። እያሻችሁ ውሃው የመኪናውን ቀለም ከያዘ ግን ላኬሩን አልፋችኋል። እዚያው ቁሙ።

የትኛውን ክፍል በቤት፣ የትኛውን በጋራዥ?

ስፖኪዮ፣ የፓራውርት ጥግ፣ የበር እጀታ፣ ትንንሽ ጌጦች በተራ ላኬር በቤት ይሠራሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ከስፖኪዮ ጀምሩ። ትንሽ ነው፣ ይፈታል፣ ወደ ቤት ይገባል፣ ቢበላሽም ይፋቃል።

ቸርኬ መሐል ላይ ነው። የፍሬን ሙቀትና ብናኝ፣ የመንገድ ጠጠር፣ መኪና ማጠቢያ ላይ የሚጠቀሙት ኃይለኛ ሳሙና ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ተራ ላኬር አንድ ሁለት ዓመት ይይዝ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አልጠብቅም።

ኮፈኖና ጣሪያ ለጋራዥ ይተዉ። ሰፊና ጠፍጣፋ ናቸው፣ ፀሐይ ቀጥታ ያገኛቸዋል፣ የጣሳ አፍንጫም ያን ያህል ስፋት ሳይደርቅ እኩል ማዳረስ ይቸግረዋል። የነዳጅ መክፈቻ ክዳንም፣ ትንሽ ብትሆንም፣ ሃርድነር ያለው ላኬር ነው የሚያስፈልጋት። ቀጂው የነዳጅ መቅጃውን አፍ ሲያወጣ የምትንጠባጠበው ቤንዚን ሌላውን ላኬር ታነሳዋለች።